ጠርዙ ላይ የምትጽፊው ወሬ

እህት ዓለም እንደምን አለሽልኝ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹ መቼም አድገው አድገው አላውቃቸውም ይሆናል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ደብረ ብርሃንም እንደምታውቂያት ናት፣ ሰሞኑን ውርጩ ጀምሯል፣ ጠዋት ጋቢ ሳልደርብ ከደጅ አልወጣም። በዓል በመጣ ቁጥር በቴሌግራም አበባ እንላላካለን እንጂ ቁምነገር ካወራን ስንት ጊዜያችን! ብቻ ዛሬ የምነግርሽ ነገር ስላለኝ ነው ረጅም የምጽፈው፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ባለ ቀለም ብዕር አመጣችልኝ፣ ያ የድሮ መምህሮቻችን ደረት ኪሳቸው ላይ ይሰኩት የነበረው ዓይነት፣ ከጠርሙስ ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበት። በቃ ከዛን ቀን ጀምሮ ልቤን ወስዶታል። በቢክ ስንጽፍ እኮ የለመድነው መጫን ነው፣ የቢክ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ካልተጫንሻት አታወጣውም፣ ትዝ ይልሻል ኖት ስንገለብጥ ውለን ጣታችን እንዴት ይዝል እንደነበር? ይሄኛው ግን ገና ወረቀቱን ሲነካ ቀለሙ ራሱ ይወርዳል፣ እጅሽ መምራት ብቻ ነው ሥራው፣ ሁለት ሦስት ገጽ ጽፈሽም ጣትሽ ምንም አይልሽም።

ከገዛሽ ግን ጫፉ ቀጭን የሆነውን ግዢ፣ ብዙዎቹ ላይ ኤፍ ወይም ኢኤፍ የሚል ተቀርጾበታል። የፈረንጅ ፊደል በወፍራሙ ያምርበት ይሆናል፣ የኛ ፊደል ቀለበቱም እግሩም ብዙ ነው፣ ወፍራም ብዕር የሌን የቤን የሜን ቀለበት ድፍን ያደርገዋል፣ የጬንማ ነገር አታንሺው።

ዋናው ግን ወረቀቱ ነው፣ እኔ ብዕሩ መስሎኝ ነበር። ርካሹ ደብተር ቀለሙን ይጠጣዋል፣ መስመሩ ፀጉር ያወጣል፣ ከዛ አልፎ በጀርባው ይወጣና ገጹን ያበላሸዋል። ፋብሪካ ውስጥ ወረቀት ሲሠራ ስታርች ወይም ሙጫ መሰል ነገር ይገባበታል፣ እሱ ነው ቀለሙን ላይ ላዩን ይዞ የሚያቆየው፣ ሲያንስ ጊዜ የወረቀቱ ክር ቀለሙን ስቦ ያስገባዋል። ሰው ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገብቶ ግራሙን ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ 80 ግራም ማለት አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው፣ ኤ4 ደግሞ የሜትር ካሬው 1/16ኛ ስለሆነ አንዱ ሉክ 5 ግራም ይሆናል፣ ግን ግራም ብቻውን ምንም አይነግርሽም፣ ቀጭን ሆኖ ቀለም የማያሳልፍ ወረቀት አለ። የራስሽን ብዕር ይዘሽ ሂጂና አንድ መስመር ሞክሪበት፣ ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ግማሽ ቀለም የያዘ ብዕር ይዘሽ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር እንዳትወጪ። ዳገቱን ወጥተሽ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትደርሺ የውጪው አየር ይሳሳል፣ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ይነፋና ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ደረትሽ ላይ ያለው ነጠላ አለቀለት። ወይ ጢም አድርገሽ ሙዪው ወይ ባዶ አድርጊው፣ ጫፉም ወደ ላይ ይሁን።

መስመር ያለው ወረቀት አልወድም፣ ባዶውን ነው የምገዛው። መስመሩን ከብራና ጸሐፊዎቹ ነው የተማርኩት፣ እነሱ የፍየሉን ወይ የበጉን ቆዳ ፍቀው ካዘጋጁ በኋላ በወስፌ ነው የሚያሰምሩት፣ ያለ ቀለም፣ ጭረቱ ብቻ ይታያል። እኔም በደነዘ ወስፌ ማስመሪያ ይዤ ቀስ ብዬ አሰምራለሁ፣ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት መስመሩ ይታያል፣ ስትጽፊበት ይጠፋል። እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርሽ አልችልም!

ማታ ማታ አጀንዳዬ ላይ እጽፋለሁ። ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ጤፍ ስንት እንደገባ፣ ማን ቡና ሊጠጣ እንደመጣ፣ ልጁ ምን ብሎ እንዳሳቀን፣ ገብሱን ውርጭ መታው አልመታው። ወደ ኋላ ገልጬ ሳየው ጽሑፉን ሳላነብ በእጄ አጣጣል ብቻ የዛን ቀን ተናድጄ ነበር ወይስ ደስ ብሎኝ አውቀዋለሁ፣ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ መልኩ አንድ ነው።

ሰው በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ያደርጋል ይለኛል። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በ1886 ፖስታ ሲያቋቁሙ፣ በ1901 ደግሞ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ማኅበር ስትገባ፣ መልእክት ለማድረስ ሰው በእግሩ በበቅሎ ስንት ቀን ይጓዝ ነበር። ዛሬ ፖስታ ቤቱ አለ፣ ቴምብሩ አለ፣ የጠፋው የሚጽፈው ሰው ነው፣ እና እኔ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ከመሐል ሜዳ ስታስተምሪ በአውቶቡስ ረዳት እጅ የምትልኪልኝ ደብዳቤ ሁሉም አለኝ፣ አንዱም አልጠፋም። ከላይ ሰላምታው፣ መሐል ላይ ስለ ብርዱና ስለ ተማሪዎቹ፣ ዋናውን ወሬ ግን ሁሌ ወረቀቱ ሲያልቅብሽ አዙረሽ ጠርዙ ላይ ነበር የምትጽፊው፣ በጥቃቅን ፊደል። እሱ እንደወደደሽ የሰማሁት ጠርዝ ላይ ነው፣ አባባ መታመማቸውንም። እኔ እስከ ዛሬ ደብዳቤሽን ስገልጥ መጀመሪያ ጠርዙን ነው የማየው። ቴሌግራም ጠርዝ የለውም እህቴ፣ ስንቱን ነገር ሳትነግሪኝ የቀረሽው ለዛ ይመስለኛል።

ይሄንንም በእጄ ያልጻፍኩልሽ መሥሪያ ቤት ከቀየርሽ ወዲህ የፖስታ ሳጥን ቁጥርሽን ስለማላውቀው ነው። ላኪልኝ፣ በዚህ ሳምንት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፣ ያሰመርኩትን ወረቀት ትንሽ ሉክ አጥፌ እጨምርልሻለሁ። ስትመልሺልኝ ውስጡን በፈለግሽው ቀለም ጻፊው፣ ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ግን በቢክ አድርጊው፣ ዝናብ ቢነካው እንዳይጠፋ።