ዳማ አትሸጥም

ይድረስ ለወንድሜ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን በእኔና በአንተ መሃል ይሄ ከየት መጣ! ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። አንተም ጠፍተሃል፤ የኔ ግን ይብሳል፤ የመጨረሻውን ስልክ ያላነሳሁት እኔ ነኝ። መልሼ እደውላለሁ ስል ፋሲካ አለፈ። ከዚያ አፈርኩ። ካፈሩ በኋላ ደግሞ መደወል በየቀኑ እየከበደ ነው የሚሄደው። በቃ ይቅርታ። የቀረውን ስትመጣ ትሰድበኛለህ።

የጻፍኩልህ በዳማ፣ በሞተራችን ጉዳይ ነው።

አትደንግጥ፣ አልተሰረቀችም። ገዢ መጥቶላት ነው። እዚሁ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ብሩንም አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ከልጄ መወለድ ወዲህ እኮ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ነው የከረመችው። ዶሮዎቹ ወንበሯ ላይ ያድራሉ። ባለቤቴ «ይሄ ብረት ወይ ይነዳ ወይ ይሸጥ» ማለት ከጀመረች ቆየች። እኔም ተስማማሁ። ግማሿ ያንተ ስለሆነች ደውዬ «ልሽጣት ወይ?» ልልህ ነበር። አንተም «ሽጣት፣ ምን ትሠራልሃለች» ትለኝ ነበር። አውቅሃለሁ።

ቅዳሜ ባይዘንብ ኖሮ እስካሁን ተሸጣ ነበር።

ልጁ ሰኞ ሊወስዳት ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ላንቀሳቅሳት ብዬ ተነሳሁ። ዘይት ቀየርኩ፣ ካንዴላዋን ጠረግኩ፣ ካቴናዋን ግራሶ ቀባሁ። እሷም ትንሽ ተቆጥታ፣ ትንሽ አስላ፣ ተነሳች። ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፤ አታውቀውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጣው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሞተር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እዚህ ያን ያህል ከርሞ ዶርዜን አላየም፤ አስበው! «ና ውጣ» አልኩት።

ሰማዩን አይቻለሁ። የሚያዝያን ሰማይ ለአንተ አልነግርህም። እሱ ግን ዝናብ ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ነው የሚያውቀው። «ክረምት እኮ ገና ነው» አለኝ፣ ስስ ሸሚዝ ለብሶ። እኛ ጋ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት መሆኑን፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ተመልሶ እንደሚመጣ ማን ይንገረው? እኔም አልነገርኩትም። ክፋት አይደለም። ደህና፣ ትንሽ ክፋት ነው።

ከሲቀላ ስንወጣ ፀሐይ ነበረች። ዓባያ ሐይቅን በቀኛችን አድርገን በአዲስ አበባ መንገድ ሄድን፣ ከዚያ ወደ ጨንቻ ወደ ግራ ታጠፍን። ዝናቡ የያዘን ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ነው። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ አለ። ያ የአቧራ ሽታ ተነሳ፤ እሱን ሽታ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምታገኘው አይመስለኝም። ከዚያ አንዴ ለቀቀው። ዶፍ!

መጀመሪያ ላይ ነው ክፉው፤ አቧራውና መንገድ ላይ የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ያንሸራትታል። ቆይቶ ዝናቡ ራሱ አጥቦ ይወስደዋል። «የፊት ፍሬን የሚባል ነገር አልተፈጠረም ብለህ ንዳ» ትለኝ ነበር። ይኸው አልተፈጠረም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እኩል፣ እጄን ፍሪሲዮኑ ላይ ሳላሳርፍ፣ ዓይኔን ጎማው ስር ሳይሆን ኩርባው የሚያልቅበት ላይ። ሁሉም ነገር እጄ ውስጥ ነበር። ጭንቅላቴ የረሳው መስሎኝ ነበር፤ እጄ ግን አልረሳም።

የልጁ ነገር ግን! ወደ ግራ ስታጠፍ እሱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ወደ ግራ። ጎድኔን ጨምድዶ ይዞኛል። ገደሉ ደግሞ አጠገባችን ነው። አቆምኩና «ስማኝ፣ አንተ ሰው አይደለህም፣ የጤፍ ጆንያ ነህ። ጆንያ በራሱ አያስብም፣ ሞተሯ ስትጋደም አብሯት ይጋደማል» አልኩት። ገባው። ሦስት አራት ኩርባ ካለፍን በኋላ ጎድኔን ለቀቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው! ቀጥሎ መዝፈን ጀመረ፤ ድምፁ አስቀያሚ ነው፣ ካንተም ይብሳል። ዝናቡ በአንገታችን ገብቶ በጫማችን ይወጣል፣ የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሼ ተሸፍኗል፣ ብከፍተው ጠብታው ዓይኔን ይገርፈኛል፣ እኔም መዝፈን ጀመርኩ። የልጅ አባት!

ሄልሜቱን ካነሳሁ አይቀር ልናዘዝ፤ ያንተን ነው ያደረገው። ስሰጠው ትንሽ ቅር አለኝ። ካንተ ተደብቄ የሆነ ነገር የማደርግ መሰለኝ። አትቅና። እሱ ጎበዝ ተሳፋሪ ነው፣ አንተ ግን ከኋላ ተቀምጠህ እንኳ የምትነዳ ሰው ነህ።

ስንት ኩርባ ከወጣን በኋላ እንጃ፣ ዳማ ማነቅ ጀመረች። ታውቃለህ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,500 ሜትር አካባቢ የሚደርስ መንገድ ነው፤ ሽቅብ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሯ ደግሞ ያንኑ ቤንዚን ታፈሳለች። በዚህ ላይ የካንዴላዋ ቆብ ውስጥ ውሃ ገባ። ጠፋች። ወርደን በሸሚዜ ውስጠኛ በኩል ሳደርቅ ጉሙ በአንድ በኩል ተከፈተ። ሁለቱም ሐይቆች፣ ዓባያና ጫሞ፣ ከታች ቁጭ ብለዋል፣ የእግዜር ድልድይ የምንለው መሬትም መሃላቸው። ልጁ «አንደኛው ለምንድነው የቀላው?» አለኝ። ዓባያን ነው። በመንገዱ ዳር የሚወርደውን ጎርፍ አሳየሁት። «ይሄ ነው፤ ከየተራራው እንዲህ ያለ አፈር ነው እዚያ የሚገባው» አልኩት። ዝም ብሎ ጎርፉን አየ፣ ሐይቁን አየ። ቢሮ ውስጥ ስለ አፈር መሸርሸር ስንት ሪፖርት የጻፈ ልጅ ነው እኮ!

ዶርዜ ስንደርስ ውሾቹ እንኳ አልጮሁብንም፣ አዘኑልን። እነዚያ እናት ቤት ገባን። «ያ ረጅሙ የት ጠፋ?» ብለው መጀመሪያ የጠየቁኝ አንተን ነው። አሜሪካ አልኳቸው። አልተደነቁም። እሳቱ ዳር አስቀመጡን፤ ቆጮ በማርና በዳጣ ሰጡን። ውጭ እንዲያ እየወረደ ውስጥ አንዲት ጠብታ አትገባም። ቤቷ ግን አጥራለች። የቀርከሃውን ግርጌ ምስጥ ሲበላው እየቆረጡ ዝቅ ያደርጓታል አይደል፣ አንተ ጎንበስ ሳትል ትገባባት የነበረችው በር አሁን የኔንም ግንባር መታችኝ። አረቄ ቀረበ። ነጂ ነኝ ብዬ ለልጁ ተውኩለት። እሱማ አልተወውም።

ማታ ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ። ጭቃ ብቻ ነኝ። «አትሸጣትም አይደል?» አለች። መልስ ሳልሰጥ «አውቄው ነበር» ብላ ውሃ ልታሞቅ ገባች። ይሄ ፈቃድ ይሁን ኩርፊያ እስካሁን አልገባኝም። ልጠይቃትም አልደፈርኩም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰኞ ያ ልጅ ብሩን ይዞ መጣ። ዓይኑን እያየሁ እምቢ ማለት አቃተኝ። ስለዚህ ምን አልኩት መሰለህ? «አሜሪካ ያለው ባለቤቷ እምቢ አለ»። አዎ፣ ባንተ አላከክሁ። በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ለካ የእህትህ ጎረቤት ነው! ስልክህን ከእሷ ወስዷል። ሊለምንህ ነው። ዛሬ ነገ ይደውልልሃል። ቁጥሩን ስታይ «ይሄ ደግሞ ማነው» ብለህ አንሥተህ፣ በዚያ በገር ልብህ «ውሰዳት ወንድሜ» እንዳትለው። እምቢ በል። ምክንያት ከጠየቀህ የአያቴ ማስታወሻ ናት በለው። ያማሃ መሆኗን አይቷል፣ ግድ የለም፣ ድርቅ በል።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት እንደምለው እንጃ። ዳማ ከተሸጠች አንተ የምትመጣ አይመስለኝም። ሞኝነት ነው፣ አንተ የምትመጣው ለሞተር ብለህ አይደለም። ግን እሷ እዚያ ሸራዋን ለብሳ ስትቆም የሆነ ቀን በሩን ከፍተህ «ቁልፉ የታለ?» የምትል ይመስለኛል። ትመጣለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ወረቀትህ ምን ደረሰ ብዬም አልጠይቅም። ሰው ሁሉ እሱን እየጠየቀ እንደሚያደክምህ እህትህ ነግራኛለች።

እማማ ደህና ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ምንም አልሆነም፤ «ያንተ ጓደኛ ልብ የለውም፣ አንተም የለህም» ብለው ቡና አጠጥተው ሸኙኝ። እሑድ ደውልላቸው። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ውሃ የማያስገባ የሞተር ሱሪ ላክልኝ። ጓንት አልፈልግም፤ ያለፈው የላክኸው ጓንት ሁለቱም የግራ ነበር፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ሱሪውን ስትገዛ ደግሞ በራስህ ልክ እንዳትለካው። እህትህ ፎቶህን አሳይታኛለች። ወፍረሃል።

ያንተው፣
ከአርባ ምንጭ