ሹመቱስ እሺ፣ ጥያቄውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

መስከረም 2014 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 22 ሚኒስትሮችን ሲያጸድቅ ወሬው ሁሉ ከተፎካካሪ ፓርቲዎች ስለመጡት ሦስቱ ነበር። ብርሃኑ ነጋ ከኢዜማ ለትምህርት፣ በለጠ ሞላ ከአብን ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ቀጄላ መርዳሳ ከኦነግ ለባህልና ስፖርት። አልጠላሁትም። መከላከያውም ገንዘቡም ገዥው ፓርቲ እጅ ቀረ እንጂ (ትምህርትም ቢሆን ቀላል ወንበር አይደለም፣ እሱን አልክድም)።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው፤ ስም ዝርዝሩ በጅምላ ቀረበ፣ እጅ ወጣ፣ 2 ተቃውሞ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ፣ አለቀ። እኛ እኮ የእድር ዳኛ ስንመርጥ እንኳ ሰውየውን አገላብጠን ነው! በ2011 ግማሹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ሲጸድቅም ያው ነበር። እያንዳንዱ እጩ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በፊት «ምን ልትሠራ አስበሃል?» ቢባል ምን ይጎድላል?

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ