አሰብ ያልደረሰችው የኖራ ጀልባ፦ የባሕር ጉዞ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ጅማ ላይ የምን ባሕር ነው?» ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ስንቴ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ወላጆች ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ የበር ጥበቃው ሳይቀር ጠይቆኛል። አንድ ባልደረባዬማ «አወይቱ ወንዝ ላይ ልትንሳፈፉ ነው እንዴ?» ብሎ ሻይ ክበቡን በሙሉ አስቋል። ይሁን። የሥነ ፈለክ ክበብ ያለው ትምህርት ቤትስ ጨረቃ ላይ ወጥቶ ያውቃል?

ለማያውቀን ባጭሩ፦ በሸራ ጀልባ፣ በጥቂት ሰው፣ የባሕር ዳርቻን ተከትሎ መጓዝ ምን እንደሚጠይቅ የምንማር ክበብ ነን። ሒሳብ አለበት። ጂኦግራፊ አለበት። ፊዚክስ አለበት። አራት ሰው በአንዲት ጠባብ ቦታ ሳይጣላ እንዴት ውሎ እንደሚያድርም አለበት። ይህን የመጨረሻውን በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደምናስተምረው የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

መስከረም ላይ 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ጥቅምት ሲያልቅ 14 ቀሩ። በሁለተኛው ሳምንት ጀልባ ላይ የሚወጡ መስሏቸው የነበሩት ናቸው የሄዱት፤ አልፈርድባቸውም። የቀሩት በየረቡዑ ከትምህርት በኋላ ተሰበሰቡ። ቋጠሮ ተለማመዱ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር እንደሆነ፣ ኖት ማለትም በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ እንደሆነ ያዙ። የቀረው ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

ኅዳር ላይ ከቀርከሃና ከእንጨት የአንድ ሜትር ጀልባ ሠርተን ቦዬ ወሰድናት። ጉማሬ አለ ስለሚባል ዳር ቆመን በሲባጎ ነበር የለቀቅናት። ነፋስ ሲነካት ተገለበጠች። አቃናናት፣ ደግማ ተገለበጠች። ከዚያ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከሆዷ በታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አሰረባት። ቀና ብላ ሄደች። የሸራ ጀልባ ታችዋ ካልከበደ ላይዋ እንደማይቆም ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ አስረድቻቸው ነበር። የገባቸው ግን ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የዓመቱን ትልቅ ሥራ ጀመርን፦ ከምጽዋ አሰብ በሸራ ጀልባ፣ በወረቀት ላይ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ያ ዳርቻ የኤርትራ ነው። ክበባችን ፖለቲካ አያወራም። ያወራነው ስለ ባንዲራ ነው። እንግዳ ጀልባ በሰው አገር ውኃ ላይ ስትገባ የአገሩን ባንዲራ ከምሰሶው በስተቀኝ ትሰቅላለች፤ የባሕር ሰው ወግ ነው። ልጆቹ የኤርትራን ባንዲራ በባለቀለም ወረቀት ሠርተው አዘጋጁ።

ርቀቱን ስንለካ ወደ 250 የባሕር ማይል መጣ። በ5 ኖት 50 ሰዓት ነው። ሁሉም አጨበጨበ፤ ጥር ላይ እንነሳ ተባለ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ እጇን አወጣች። ስሟን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የሚሰማው ስም ሲጠራ ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ጥር ላይ ነፋሱ ከፊታችን ነው» አለች። ልክ ነበረች። በደቡብ ቀይ ባሕር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ ነው የሚመጣው። ሸራ ደግሞ በቀጥታ ወደ ነፋሱ አይሄድም። ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር እያሉ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተመላለሱ ነው የሚወጣው። ስናሰላው 250ው ማይል ከ350 በላይ ሆነ። በክረምት ግን ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ከኋላ ይገፋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ቢችልም መነሻችንን ሐምሌ አደረግነው። እሷንም ካፒቴን አደረግናት።

ባሕሩ ስለሌለን ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሜዳው ላይ በኖራ ጀልባ ሣልን። ርዝመቷ 10 ሜትር፣ ወርዷ 3 ሜትር። የቀርከሃ ምሰሶ ተከልን። መቀመጫው የጅማ በርጩማ ነበር። አራት ተማሪዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ከመስመሩ አይወጡም፤ ከመጸዳጃ በስተቀር። የእኛ አንድ ሰዓት የባሕር አራት ሰዓት ሆኖ ተቆጠረ። ስለዚህ 50 ሰዓቱ ልክ ይገባ ነበር። በየአራት ሰዓቱ ሁለቱ ተረኛ፣ ሁለቱ ዕረፍት። ደወል ስመታ ነፋስ ተቀየረ ማለት ነው።

ከአባላቱ የአንዱ አያት ድሮ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ደወል በተመታ ቁጥር «ልጄ፣ ነፋሱ ከየት ነው?» ይላሉ። ሌላ ነገር አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ጠብ ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ሳይዘል መጣ። አንዱ ልጅ ከጄሪካኑ የመጠጥ ውኃ ቀድቶ እጁን ታጠበ። «ባሕር አጠገብህ እያለ!» ብለው ጮኹበት። ሳቅኩ። እነሱ ግን አልሳቁም።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማለትም በባሕሩ አቆጣጠር ፀሐይ ስትጠልቅ፣ 60 ማይል ሄደው ነበር። ካፒቴኗ መልሕቅ ይጣል አለች። ወንዶቹ ተቆጡ። ቆመን ካደርን አሰብ አንደርስም አሉ፤ ሒሳባቸውም ልክ ነበር። እሷ ካርታውን ገልብጣ አሳየቻቸው። በዚያ ዳርቻ ኮራል ብዙ ነው፤ ከውኃው ሥር ያለውን ድንጋይ ዓይን የሚለየው ፀሐይ ከላይ ወይም ከኋላ ስትሆን ነው። «አሁን ይታይሃል?» አለችው አንዱን። ዝም አለ። መልሕቁ ተጣለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰንሰለት ከውኃው ጥልቀት ቢያንስ አምስት እጥፍ መለቀቅ አለበት። ካጠረ መልሕቁን ሽቅብ እየጎተተ ይነቅለዋል፤ ከረዘመ ጉተታው ጋደም ይልና መልሕቁ መሬቱን ይነክሳል። እኛ ሰንሰለት ነው ብለን የያዝነው የ20 ሜትር ገመድ ብቻ ነበር። ስለዚህ 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ፈልገን ቆምን። ካርታችን ደግሞ ከአትላስ የተባዛ ስለሆነ ጥልቀት አይጽፍም። ጥልቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰባት ሰዓት ገደማ የካፒቴኗ ታናሽ ወንድም ምሳ ይዞ መጣ። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኖራው ጋ ሲደርስ ቆመ። «መግባት ይቻላል?» አለ። «አይቻልም፣ ባሕር ነው» አለችው። ወደ እግሩ አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጫማውን አወለቀ። እሷ ገመድ ወረወረችለትና ከሳህኑ መቋጠሪያ ጋር እንዴት እንደሚያስረው ከዚያ ሆና ታሳየው ጀመር። ክፍል ውስጥ የማትናገረው ልጅ «አዙረው፣ በቀዳዳው አስገባ፣ አሁን ሳበው!» እያለች ሜዳውን አናጋችው። ሦስቴ ተፈታበት። በአራተኛው ያዘ። ምሳው ሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ገባ። ዞር ብዬ አያትየውን ሳያቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። «ነፋሱ ከየት ነው?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የጅማ ዝናብ መጣ። ጀልባዋ ሁለተኛውን ሌሊት መልሕቅ ላይ ነበረች። ውጡ አልኳቸው። «ቲቸር፣ ተረኛ ሳይተው ጀልባ አይለቀቅም» አለችኝ ካፒቴኗ። ሦስቱ ወደ በረንዳው ሮጡ፤ እሷ ላስቲክ ተከናንባ በርጩማው ላይ ቀረች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አንዱ ልጅ ሳይጠራ ሄዶ ተካት። ያው እጁን የታጠበው። ኖራው ሲታጠብ መስመሩ ጠፋ። ቢሆንም ማንም ከነበረበት አላለፈም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ 130 ማይል ሄደው ነበር። አሰብ አልደረሱም። «ግማሽ መንገድ ቀሩ» ብላችሁ የሳቃችሁ ባልደረቦቼ፣ ሰምቻችኋለሁ። ጀልባዋ ድንጋይ አልነካችም፤ ውጤቱ ያ ነው።

ያልተሳካልን አለ። ላንጋኖ ሐይቅ ሄደን እውነተኛ ውኃ ላይ ልንወጣ ነበር። አውቶቡስ አልተገኘም። ቢገኝም የነፍስ አድን ጃኬት ስለሌለን ልጅ ይዤ ውኃ ላይ አልወጣም ነበር። ኮምፓሳችን የእኔ ስልክ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ሰሜን ይጠፋል። የእግር ኳስ ክበብ ዘንድሮ ሁለተኛ ማሊያ አግኝቷል። እንኳን ደስ ያላቸው፤ የመጀመሪያውም ያምር ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንፈልገው ስድስት የነፍስ አድን ጃኬት፣ ሁለት የእጅ ኮምፓስ፣ ጥልቀት የተጻፈበት አንድ የባሕር ካርታና የአንድ ቀን የአውቶቡስ ኪራይ ነው። ዋና የሚችል ወላጅ አብሮን ቢመጣ ደስ ይለናል። ገንዘብ የሌለው ገመድ ይስጠን። የተበጣጠሰም ቢሆን እንቀበላለን፣ መቀጠል ተምረናል። ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ባለው ክፍል ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አለን። አያትየውም ይመጣሉ።