ስለ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፦ ለጅማ ማኅበርተኞቻችን

ውድ ማኅበርተኞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በዝክሩ ዕለት «ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በምን ይለያል?» ላላችሁን መልሱ ይኸው። ሕንፃው አልተገነባም፤ ከአንድ ወጥ ዐለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ወጣ። 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይጠልቃል። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፤ ከአፋፉ ቆማችሁ መጀመሪያ የምታዩት እነሱን ነው። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ለብቻው ስለቆመ፣ የብረት መጠለያም ስላልተሠራበት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

በትውፊት ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ «የእኔስ ቤተ ክርስቲያን?» ብሎ በፈረስ መጥቶ ቅዱስ ላሊበላን እንደወቀሰው ይነገራል፤ የፈረሱን ኮቴም ያሳዩአችኋል።

ወደ ላሊበላ ስንሄድ፣ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ያዙ፣ ነጠላም አትርሱ። ለመንገዱ ቡና የሚቆላው ማን ነው? እስከ እሑድ አሳውቁን።