ድብልቅ ሳይሆን ውህድ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ዩራኒየም ኦክሲሰልፋይድ (ዩራኒየም፣ ኦክስጅንና ሰልፈር በአንድነት የተጣመሩበት ውህድ) «የኦክሳይድና የሰልፋይድ ድብልቅ» ተብሎ መገለጹን አንብቤ ይህን ማረሚያ ልኬአለሁ። ድብልቅ ቢሆን ኖሮ በኤክስሬይ ሲመረመር ሁለቱ ዱቄቶች የየራሳቸውን መስመሮች ባሳዩ ነበር፤ ይህ ግን የራሱ የክሪስታል መዋቅር ያለው ውህድ ነው። በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ እያንዳንዱ የዩራኒየም አቶም በ8 ኦክስጅኖች ሲከበብ፣ በዚህኛው በአንድ ወገን 4 ኦክስጅኖች፣ በሌላው ወገን 5 ሰልፈሮች ይጎራበቱታል፤ የኦክስጅንና የሰልፈር ንጣፎችም በሥርዓት ይደራረባሉ።

ዳይኦክሳይዱ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲግል፣ ከሁለቱ ኦክስጅኖች አንዱ በሰልፈር ይተካና ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ንጹሕ ሰልፋይድ ለማግኘት የሚደክም ሰው ይህን ውህድ ሳይፈልገው ያውቀዋል፤ ጥቂት ኦክስጅን ወይም እርጥበት ወደ ማሞቂያው ከገባ በምርቱ ውስጥ ብቅ ይላልና። ቶሪየምም ተመሳሳይ መዋቅር ያለው አቻ አለው።

ጽሑፉ መዋቅሩን ከጨረራ ጋር ማያያዙም ትክክል አይመስለኝም፤ ጨረራው ከኒውክሊየስ የሚመነጭ ሲሆን፣ ትስስሩን የሚወስኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር