ለደንበኞቻችን፦ የቆየ መኪና ጌጅ ሲሳሳት ከመፍታታችን በፊት ለምን እንደምንለካ

ጉዳዩ፦ የዳሽቦርድ ጌጆች የኤሌክትሪክ ብልሽት ምርመራን ይመለከታል

ውድ ደንበኞቻችን፣

የነዳጅ ወይም የሙቀት ጌጅ (መጠኑን በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ) አልሠራ ሲል ብዙዎቻችሁ ዳሽቦርዱ ቶሎ ተፈትቶ የጌጁ ሰሌዳ በሌላ እንዲቀየርላችሁ ትጠይቁናላችሁ። እኛ ግን አንድም ቡሎን ሳንፈታ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዘን ስለምንቆይ፣ ለዚህም የምርመራ ዋጋ ለብቻው ስለምናስከፍል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ይገባል ብለን አምነናል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ኮሮላ ወይም ላንድ ሮቨር ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት ነው። ደህና የሆነውን ጌጅ አውጥቶ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ አሮጌ ሰሌዳ መተካት ለእንዲህ ያለ ንብረት አይገባውም፤ ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳው ላይ አይደለም።

ሲሪስ 3 ላንድ ሮቨርን እንውሰድ። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ኃይል የሚያገኙት በቀጥታ ከባትሪው ሳይሆን ከሰሌዳው ጀርባ ካለች አንዲት ትንሽ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ነው። ይህች ማረጋጊያ በውስጧ ያለው ብረት ሲሞቅ መስመሩን እየቆረጠች፣ ሲቀዘቅዝ እየመለሰች፣ በአማካይ 10 ቮልት ገደማ ታደርሳለች። ሥራዋን በአግባቡ ለመሥራት ግን እሷ ራሷ ጥሩ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲና ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኝ መስመር፣ ማግኘት አለባት። ማሳዋ በዝገት ወይም በቀለም ምክንያት ከተቋረጠ መቁረጧን ታቆምና የባትሪው ቮልቴጅ ሙሉ በሙሉ ወደ ጌጆቹ ያልፋል፤ ሁለቱም መርፌዎች ከእውነተኛው ልክ በላይ ይወጣሉ። ባለቤቱ ሞተሩ የጋለ መስሎት ቴርሞስታት ያስቀይራል፣ ራዲያተር ያሳጥባል፤ ጥፋቱ ግን አንድ ቡሎን ሥር ያለ ዝገት ነው። ማረጋጊያዋ ጭራሽ ኃይል ካላስተላለፈች ደግሞ ሁለቱም መርፌዎች ከታች አይነሱም። በዚህ ምክንያት ስትመጡ አስቀድመን የምንጠይቃችሁ የተሳሳተው አንዱ ጌጅ ነው ወይስ ሁለቱም የሚለውን ነው። ሁለቱ አብረው ከተሳሳቱ የጋራቸው የሆነውን ፊውዝ፣ ማረጋጊያና ማሳ እንፈልጋለን፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ወደ ራሱ ሽቦና ሴንሰር (ልኩን ወደ ጌጁ የሚልከው ክፍል) እንሄዳለን።

ማሳን የምንፈትሸው በዓይን አይተን ብቻ አይደለም። ሽቦው የታሰረ መስሎ ኃይሉን በደንብ ላያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ መብራቱን፣ የመስታወት መጥረጊያውንና ማራገቢያውን አብርተን የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሰሌዳው ማሳ ላይ እናደርጋለን። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ካለፈ መስመሩ ጽዳት ወይም አዲስ ሽቦ ይፈልጋል። እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ አንድ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፤ የፊት መብራት ስታበሩ ወይም ፍሬቻ ስታሳዩ የጌጁ መርፌ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማሳውን መጠርጠር ይበቃል።

ሴንሰር ላይ ስንደርስ ሽቦውን ነቅለን መርፌው መውረዱን እናያለን፤ ከዚያ ያንኑ ሽቦ በትንሽ የመፈተሻ አምፖል በኩል ከማሳ ጋር አገናኝተን መርፌው ሲወጣ እንመለከታለን። ከወጣ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው በታንኩ ውስጥ ባለው ተንሳፋፊ ወይም በሞተሩ ላይ ባለው የሙቀት ሴንሰር ነው። አምፖሉን የምናስገባው በጌጁ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሄዶ እንዳያቃጥለው ነው። ሽቦውን በቀጥታ ከቦዲ ጋር ማነካካት፣ በተለይም ለረጅም ጊዜ፣ ደህናውን ጌጅ ሊያበላሽ ስለሚችል እባካችሁ ማንም እንዲህ እንዲያደርግ አትፍቀዱ።

የባትሪዋ ቀይ መብራት ከማስጠንቀቂያነት ያለፈ ሥራ አላት። በብዙ የቆዩ መኪኖች ዲናሞው ኃይል ማመንጨት የሚጀምረው በዚህች አምፖል በኩል በሚያልፈው ትንሽ ኃይል ነው። ስለዚህ ቁልፉን ስትከፍቱ መብራቷ ካልበራች ዲናሞው ደህና ሆኖም ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። ለማሳመር ተብሎ በኤልኢዲ ስትተካም ተመሳሳይ ችግር ልትፈጥር ትችላለች፤ ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነውና። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላገኘን ባትሪና ዲናሞ ግዙ ከማለታችን በፊት ይህችን አምፖል እናያለን።

የዘይቱ መብራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ እየሠራ ከበራች ወዲያውኑ አጥፉ፤ ሴንሰሩ ይሆናል ብሎ እየነዱ መምጣት ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። እኛም ሴንሰሩን ከመቀየራችን በፊት የዘይቱን ግፊት በሜካኒካል ጌጅ እንለካለን።

ሰሌዳውን የምንፈታው ይህ ሁሉ ታይቶ ምክንያቱ ወደዚያ ሲያመለክት ነው። ከጀርባው ያለው የመዳብ መስመር የታተመበት ስስ ፕላስቲክ በዕድሜ ስለሚደርቅ በችኮላ ሲነቀል ይቀደዳል። ፊውዝ ሲቃጠልባችሁ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ወይም በ10 አምፔር ፈንታ 20 ማስገባት የሚያመጣው ጉዳትም እዚሁ ላይ ይታያል፤ ፊውዙ ሳይቃጠል ይህ ስስ መስመር ቀድሞ ይቃጠላል። የፍጥነቱ መርፌ መንቀጥቀጥ ግን በነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሳይሆን የኬብሉ መድረቅ ወይም መታጠፍ ነው።

ሰሌዳው የግድ መቀየር ካለበት የነበረውን የኪሎ ሜትር ንባብ በሥራ ወረቀታችሁ ላይ ጽፈን እንሰጣችኋለን፤ አሮጌውንም ክፍል አናስቀርም። መኪናውን ወደፊት ለሚገዛው ሰው እውነቱን መንገር የእናንተም የእኛም ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

የምርመራው ዋጋ የሚከፈለው ለዚህ ሥራ ነው፤ ጥገናውን እኛ ዘንድ ባታሠሩም የለካነው ሁሉ ተጽፎ ይሰጣችኋል። ለምርመራ ስትመጡ ከተቻለ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አምጡልን፣ ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለ ንገሩን፣ በቅርቡ ሬዲዮ ወይም አላርም ያስገባ ባለሙያ ካለም አትደብቁን፤ የተቆረጠ ሽቦ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የጋራዡ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል