ለወላጆች፦ ስለ ህዳር 20ው የሳይክል ጉዞ

ቢሾፍቱ፣ ህዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ የ10ኛ እና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ህዳር 20 ልጆቻችሁን ይዘን የከተማችንን ሐይቆች በሳይክል እንዞራለን። ከግቢያችን የምንነሳው ከጠዋቱ 12፡30 ነው። ከሆራ ጀምረን በባቦጋያና በጨለለቃ አድርገን እስከ አረንጓዴ ሐይቅ እንዘልቃለን። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት 9፡00 ላይ እንመለሳለን። በማግስቱ ህዳር ጽዮን ስለሆነች ልጆቹን አናስመሽባችሁም።

«ቢሾፍቱ ሜዳ አይደል እንዴ፣ ምን ዳገት አለ?» ያሉኝ ወላጆች አሉ። ዋናው መንገድ ላይ እውነት ነው። ሆራና ባቦጋያ ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ መሬቱ ተቦረቦረ፤ የተፈናጠረው ዐፈርና ድንጋይም ዙሪያውን ተከመረ። ስለዚህ ሐይቅ ለማየት መጀመሪያ ጠርዙን መውጣት ግድ ነው። ከዚያ መውረድ፣ ከዚያ እንደገና መውጣት። በጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ አንቀጽ ነው። ጭናቸው እየተቃጠለ ሲማሩት ግን ቶሎ የሚረሱት አይመስለኝም።

ጨለለቃ ሌላ ነው። ጥልቀት የለውም፤ በበጋ ውሃው ይሸሻል። በዚህ ወቅት ከሰሜን ብርድ የሸሹ ወፎች ይሰፍሩበታል፤ ቤት ውስጥ ባይነኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ያላችሁ አውሱን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአድአ ጤፍ መሃል ያልፋል። ወቅቱም አጨዳ ነው። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ የወጣው እዚሁ ከተማችን ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በቀን ሁለቴ እንጀራ እየበሉ ጤፍ ሲታጨድ ቆመው ያላዩ ልጆች አሉን። ሽምብራው እሸት ደርሶ ከሆነ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንዲት ዘለላ እንዳይነቅሉ ቤት ውስጥ ንገሩልኝ። እኔ ስናገር አይሰሙም።

ረጅሙ እረፍት አረንጓዴ ሐይቅ ላይ ነው። ውሃውን እንዲያ ያለመለመው ስፒሩሊና የተባለ ደቃቅ ነገር ነው። የባዮሎጂ መምህራችን በጠርሙስ ቀድተው ሰኞ በማይክሮስኮፕ ያሳዩዋቸዋል። ምሳም እዚያው እንበላለን። እስከዚያ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሁሉም ከአንድ ገበታ እንዲበላ ምሳው የጾም ይሁን። ተማሪዎቹ «ዝቋላም እንውጣ» ብለውኝ ነበር። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው! ከሩቅ እያየነው እንመለሳለን።

ዋና የለም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የሌሎቹም ዳር ድንገት ነው የሚከዳው። ይህን የጣሰ ተማሪ ወዲያው በመኪና ይመለሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዳገቱ አይደለም። የደከመው ወርዶ ይገፋል፤ ማንም አይስቅበትም። የሚያስፈራው ኮረኮንች ያለበት ቁልቁለት ነው። ፍሬን ጠፍቶ በጫማው የሚያቆም ልጅ ግቢያችን ውስጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ህዳር 17 ሁሉም ሳይክሉን ይዞ ይምጣ። ሳይክል ሰሪ ጠርተናል፤ ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱንና ጎማውን ያያል። እሱ ያላለፈው ሳይክል አይወጣም። ሳይክል ለሌላቸው ትምህርት ቤቱ ይከራያል። ሄልሜት ያላደረገም አይሄድም። ቀድሞ ለደረሰ ሽልማት የለም፤ ከፊትም ከኋላም መምህር አለ። ዋናውን የአዳማ መንገድ የምንሻገረው ወርደን፣ እየገፋን ነው።

አንድ ልመና፦ እባካችሁ በመኪና አትከተሉን። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ነገር ግን በአቧራ መንገድ ላይ ከኋላ የተሰለፈ መኪና ለልጆቹ ከዳገቱ የባሰ አደጋ ነው። የትምህርት ቤቱ ፒካፕ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ ውሃና መለዋወጫ ካላማዳሪ ይዞ ይከተላል። ይበቃል።

«ሴት ልጅ በሳይክል ያን ያህል መንገድ?» ብሎ የፈቃድ ፎርሙን ያልፈረመ አባት ካለ ቢሮዬ ይምጣ፤ ቡና እየጠጣን እንነጋገር።

ለየልጁ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ እና ኮፍያ ያዙላቸው። አስም ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ፎርሙ ጀርባ ላይ ጻፉልን። የተፈረመውን ፎርም እስከ ሐሙስ ህዳር 18 ለክፍል ኃላፊው ይላኩ።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር